ከልብ የማይወጡ የፊልም ትዕይንቶች፦ ከየትኛው ልጀምር ለምትሉ

ልብ የሚነካ ትዕይንት ያለው ፊልም ለምትፈልጉ፣ ደጋግሜ አይቻቸው እስከ ዛሬ ያልለቀቁኝን ልጠቁማችሁ። መጨረሻቸውን ሳልነካ ማወዳደር አልችልም። ታሪኩን አስቀድሞ መስማት የማይወድ መጀመሪያ ፊልሞቹን ይያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የቻርሊ ቻፕሊንን «ሲቲ ላይትስ» (1931) እመርጣለሁ፣ የመጨረሻዋን ትዕይንት። ሌሎቹ ወደሚናገር ፊልም በተሻገሩበት ጊዜ እሱ ንግግር አላስገባም ብሎ የሠራው ነው። ዓይነ ስውሯ አበባ ሻጭ፣ የሚረዳት ሰው ሀብታም ይመስላታል። እሱ ግን ቤት አልባ ምስኪን ነው፤ ለሕክምናዋ ባገኘላት ገንዘብ የተነሳ እስር ቤት ገብቷል። ሲፈታ እሷ ዓይኗ በርቶ የአበባ ሱቅ ከፍታለች። ቡትቶ ለብሶ በመስኮቱ ሲያያት ትስቃለች፤ ከዚያ አዝናለት ሳንቲምና አበባ ይዛ ትወጣለች። ሳንቲሙን መዳፉ ላይ ስታስቀምጥ እጇ ቆም ይላል። ዓይኗ ያላወቀውን ሰው ጣቶቿ አወቁት። ኮቱን ዳበስ ዳበስ ታደርግና «አንተ ነህ?» ትለዋለች። እሱ አበባውን እንደያዘ ጣቱን ነክሶ ፈገግ ይላል፤ ፍርሃትም ደስታም አንድ ላይ ፊቱ ላይ ይታያሉ። ትቀበለው አትቀበለው ሳይነገረን ፊልሙ ያልቃል። ይህችን ትዕይንት እባካችሁ ተቆርጣ የተለጠፈችውን ብቻ አይታችሁ እንዳታልፉ፤ የእጇ ትርጉም የሚገባው ፊልሙን ከመጀመሪያው ላየ ሰው ነው።

ጊዜ እንዴት እንደሚያመልጥ የሚያሳዩ ሁለት ፊልሞችን ብዙ ሰው ያነጻጽራል፤ «አፕ» (2009) እና «ኢንተርስቴላር» (2014)። አኒሜሽኑ «አፕ» ገና ሲጀምር የካርልና የኤሊን የትዳር ዘመን ያለ አንድ ቃል፣ በሙዚቃ ብቻ፣ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። እኔን የያዘኝ የሳንቲም ማጠራቀሚያው ማሰሮ ነው። ለአንድ ሕልም ጉዞ ይቆጥባሉ፤ ጎማ ይፈነዳል፣ እግር ይሰበራል፣ ዛፍ ጣሪያ ላይ ይወድቃል፣ በየጊዜውም ማሰሮው ይሰበራል። ክፉ ሰው የለበትም፣ ኑሮ ብቻ ነው። «ኢንተርስቴላር» ላይ ደግሞ የጠፈር ተጓዡ አባት አንድ ሰዓት በምድር ሰባት ዓመት የሚሆንበት ፕላኔት ላይ ወርዶ ሲመለስ 23 ዓመት አልፏል። የተጠራቀሙትን የልጆቹን መልዕክቶች ተቀምጦ ያያል። ወንዱ ልጁ ዓይኑ እያየ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ተስፋ ይቆርጣል። ልጅ ያላችሁ ይህችን ትዕይንት አትችሏትም። ለእኔ ግን «አፕ» ይበልጣል፤ የሚያለቅስ ተዋናይ ሳያሳየኝ ነው ያስለቀሰኝ።

«ሺንድለርስ ሊስት» (1993) ላይ ግን ሰውየው ራሱ ያለቅሳል፤ አንዳንዶች በዝቷል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጀርመናዊው ነጋዴ ሺንድለር ከ1,000 በላይ አይሁድ ከናዚዎች አድኖ፣ ሸጦት ቢሆን ስንት ሰው ያድንበት እንደነበር እያሰበ መኪናውን አይቶ «ይህ አሥር ሰው ነበር» ይላል፤ ከደረቱ የወርቅ ፒኑን ነቅሎ «ይህ ሁለት ሰው» ይላል። ልብ የሚሰብረው ከለቅሶው ይልቅ ይህ ሒሳብ ነው።

«ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ» (1988) የጃፓን አኒሜሽን ስለሆነ ለልጆች የተሠራ እንዳይመስላችሁ፣ በጭራሽ ከሕፃናት ጋር አትዩት። በጦርነት ወላጅ ያጡ ወንድምና እህት ታሪክ ነው። የከረሜላ ቆርቆሮዋን ልብ በሉ። መጀመሪያ ከረሜላ አለባት፤ ሲያልቅ ወንድምየው ውሃ ጨምሮ የቀረውን ጣዕም ለእህቱ ያጠጣታል፤ በመጨረሻ የእህቱን አጽም ይይዝባታል። ከዝርዝሩ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ሐዘን ላይ ያላችሁ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

አባትና ልጅ ለሚለው «ባይሲክል ቲቭስ» (1948) አለላችሁ። ብስክሌት የተሰረቀበት አባት ራሱ ሊሰርቅ ሲል ልጁ ፊት ይያዛል። ልጁ ምንም አይልም፤ እየሄዱ እጁን ይይዘዋል።

እንባ ሳይሆን ጸጥታ ለምትፈልጉ ደግሞ የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ኢኪሩ» (1952) እዩ። ካንሰር የያዘው የቢሮ ሠራተኛ በቀረችው ጊዜ ደፋ ቀና ብሎ ለሕፃናት መጫወቻ ቦታ ያሠራል። ሌሊት በረዶ እየወረደበት፣ ባሠራው ቦታ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይዘፍናል። ያየው ፖሊስ ሰካራም መስሎት ትቶት ሄዷል።