ፕሮሶፒሱን እናጥፋው ወይስ እንተወው?

የሳቢያን ልጅ፦ ባለፈው እሁድ ከሰፈር ልጆች ጋር ከድሬዳዋ በመልካ ጀብዱ በኩል ወጥተን ፕሮሶፒስ የሚሉትን እሾሃማ መጤ ዛፍ ስንቆርጥ ዋልን። እጄ ተቦጫጭሮ ስገባ አክስቴ «የድሃ እንጀራ ቆርጣችሁ መጣችሁ?» ብላ ተቀበለችኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ። የሚከፍለን የለም፣ ያዘዘንም የለም። ዛፉ በያዘው ቦታ ሣር ጠፍቷል፣ የግራር ችግኝ ቀና ማለት አቅቶታል፣ የከብት መሄጃ ተዘግቷል። አፋር ላይ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ወስዷል። እዚያ እስኪደርስ እንጠብቅ?

የአሸዋ ገበያዋ፦ ልጄ፣ አክስትህ እውነቷን ነው። ግራር ቆርጬ ባከስል ታሳስረኛለህ፤ ይኼን ሳከስል ደግሞ ከሥሬ ታጠፋብኛለህ። ሦስት ልጅ ያስተማርኩት በዚሁ እሾህ ነው። አጥሬም እሱ ነው።

ጡረተኛው የባቡር ሰው፦ ይህ ዛፍ እንግዳ መሆኑን አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው የተፈላው። ድርቅ አይበግረውም፣ አሸዋ ይይዛል ተብሎ ነበር፤ ደግሞም አልዋሸም። አፋሮች «ደርጊ ሀራ» አሉት፣ የደርግ ዛፍ። (ስም ማውጣትስ ያውቁበታል!)

ግብርና የተማረው፦ እኔን የሚያሳስበኝ አቆራረጣችሁ ነው። ከመሬት በላይ ከቆረጣችሁት ሥራ አበዛችሁ እንጂ አልቀነሳችሁም፤ አንድ ግንድ ሄዶ ብዙ ቡቃያ ይመጣል። የሚያቆጠቁጠው ከአፈሩ ሥር ካለው የግንዱ ክፍል ስለሆነ፣ ቆፍሮ ከዚያ ዝቅ ብሎ መቁረጥ ነው። ሁለተኛው ጣጣ ፍሬው ነው። ጣፋጭ ስለሆነ ከብትና ፍየል ይበሉታል፤ ዘሩ ሳይፈጭ ያልፍና ከእበትና ከበጠጥ ጋር ሌላ መስክ ላይ ይወርዳል። ለቅሞ አስፈጭቶ ማብላት ግን ዘሩን ይገድላል፣ መኖም ይሆናል። እማማ ከሰሉን ያክስሉ፣ ጉቶውን ብቻ ትተው አይሂዱ።

የአሸዋ ገበያዋ፦ የጉቶውን ቁፋሮ ማን ይከፍለኛል? ከተውኩት ቆይቶ ሌላ ከሰል ይሰጠኛል። አላታልልህም።

የሳቢያን ልጅ፦ ይኸው! እማማ ራሳቸው እንዲጠፋ አይፈልጉም።

የአሸዋ ገበያዋ፦ የምበላውን ስጠኝና ነገ ይጥፋ።

የደቻቱ ሰው፦ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ያመጣውን ጎርፍ ያየ ሰው እንዲህ አይቸኩልም። በዚያ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ነው ያጣነው። የወንዙን ዳር ይዞ ያለ ሥር እስከሆነ ድረስ እንግዳም ይሁን ባላገር አትንኩብኝ። መጀመሪያ ሌላ ትከሉ፣ ሲይዝ ያን ጊዜ ንቀሉ።

ግብርና የተማረው፦ ዳር ዳሩን መተዉ ላይ እስማማለሁ። መሃል ወንዙ አሸዋ ላይ የበቀለው ግን የውሃውን መንገድ አጣቦ ወደ ቤት ይገፋዋል። እሱ ይውጣ።

የሐረር መንገድ ሹፌር፦ ሁላችሁም ዛፍ ላይ ተሰቀላችሁ። መንገድ ዳር ያለውን ፈረምሲሳ የሚባለውን አረም ማን ይንቀለው? ስሙ ራሱ በኦሮምኛ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ እንደማለት ነው። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል፤ በባዶ እጅ የነካውን ያሳክከዋል። አንዷ ተክል ብቻ ከ10,000 በላይ ዘር ትበትናለች። እሁዳችሁን ለሱ ስጡ፤ ጓንት አድርጉ፣ ሳያብብ ድረሱበት። ከሰል የሚያጣበትም የለም።

የሳቢያን ልጅ፦ እሱ እውነት ነው፣ ክረምት ሲገባ እሱን እንይዛለን። አሁን ግን ደረቅ ነው። በሚቀጥለው እሁድ ገጀራ ሳይሆን ዶማ ይዘን እንወጣለን፣ የደቻቱን ዳር አንነካም። እማማ፣ እንጨቱ የእርስዎ፣ ቁፋሮው የኛ ቢሆንስ?

የአሸዋ ገበያዋ፦ እሱ ይሻላል። ስትወጡ ንገሩኝ፣ ቡና ይዤ እመጣለሁ። አጥሬን ግን አትነኳትም።