ከኤኤስ/400 የምልከው ኢሜይል የአማርኛ ርዕሱ ይበላሽብኛል

ሰላም። የምሠራበት አስመጪ ድርጅት ሽያጭና ሂሳቡን የሚያካሂደው በአይቢኤም አይ 7.3 ነው፤ ብዙዎቻችን ዛሬም ኤኤስ/400 የምንለው ማሽን። ማታ ማታ የሚሄድ የሲኤል (የማሽኑ የትእዛዝ ቋንቋ) ፕሮግራም ለደንበኞች የሂሳብ መግለጫ በኢሜይል ይልካል። የምጠቀመው የኢሜይል መላኪያ ትእዛዝ ኤስኤንዲ-ኤስኤምቲፒ-ኢኤምኤም (SNDSMTPEMM) ነው።

መላኩስ ይላካል። ፕሮግራሙ የሚሄድበትን ዩዘር በኤስኤምቲፒ (በማሽኑ የኢሜይል መላኪያ) መዝግቤያለሁ፤ ማሽኑም መልእክቱን ለድርጅቱ የሜይል ሰርቨር ያቀብላል። ርዕሱ እንግሊዝኛ ሲሆን ምንም ችግር የለም። አባሪው ፋይል አይኤፍኤስ (የማሽኑ የፋይል ማስቀመጫ) ውስጥ በሲሲኤስአይዲ (የፊደል ኮድ መለያ ቁጥር) 1208፣ ማለትም አማርኛንም በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ስለሚቀመጥ አማርኛው አንድ ፊደል ሳይጎድል ይደርሳል። የሚበላሸው ርዕሱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ፕሮግራሙ የሚሄድበት ጆብ በሲሲኤስአይዲ 37 ነው የሚሠራው፤ ይህ የኢቢሲዲክ (የአይቢኤም የቆየ የፊደል ኮድ) ሰንጠረዥ ደግሞ የግእዝ ፊደል የለውም። የጆቡን ሲሲኤስአይዲ ወደ 1208 ልቀይር ብል ሲስተሙ እምቢ አለኝ። አለቃዬ «በእንግሊዝኛ ላከውና ተገላገል» ይለኛል። ደንበኞቻችን ግን እንግሊዝኛ ርዕስ ሲያዩ ማስታወቂያ እየመሰላቸው ሳይከፍቱ ያጠፉታል።

አሁን ያሰብኩት ርዕሱን ቀድሜ በዩቲኤፍ-8 ቤዝ64 (የተቀባዩ ኢሜይል ፕሮግራም ወደ አማርኛ በሚመልሰው ኮድ) መቀየር ነው፤ ውጤቱ ተራ የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ 37 ላይም ይቀመጣል። ሌላው መንገድ ሙሉውን የማይም ፋይል (ርዕሱንም አባሪውንም የያዘውን የኢሜይል ቅርጽ) ራሴ ጽፌ በኪውቲኤምኤም-ሰንድሜይል (QtmmSendMail) ኤፒአይ፣ ማለትም ከፕሮግራም ውስጥ በሚጠራ የሲስተሙ አገልግሎት መላክ ነው፤ እሱ ግን ፕሮግራሙን በአርፒጂ ቋንቋ እንደ አዲስ መጻፍ ይሆንብኛል።

በዚህ የሠራችሁ ካላችሁ፦ ትእዛዙ በቤዝ64 የተቀየረውን ርዕስ ሳይነካካ ያሳልፈዋል ወይስ ወደ ኤፒአዩ መሄዴ ግድ ነው?