ክራዮቴራፒ ከተሠራልኝ 9 ቀኔ፣ ውሃው አልቆም አለ

የጅማዋ፦
እህቶች እንዴት ናችሁ? ጤና ጣቢያ የማህፀን በር ምርመራ ገብቼ ነበር። ሲስተሯ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ነገር ቀባችና ትንሽ ጠብቃ፣ «ነጭ ነገር ታይቷል። ካንሰር አይደለም፤ ግን ሳይቆይ ይነሳ» አለችኝ። እዚያው በጋዝ አቀዘቀዙት፤ ክራዮቴራፒ የሚሉት ይሄንን ነው። 3 ደቂቃ፣ 5 ደቂቃ ፋታ፣ እንደገና 3። ሕመሙ ከወር አበባ ቁርጠት አይብስም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃ ይወርደኛል፣ ውሃ! በቀን 4 ሞዴስ እቀይራለሁ። መርካቶ ቡና እየቸረቸርኩ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ነው የምውለው። ሽታ የለውም፣ ትኩሳትም የለኝም። ጎረቤቴ «በሎሚና በጤና አዳም ታጠቢው» ብላ ሎሚውን ገዝታ ሁሉ መጣች። ባሌ ሹፌር ነው፣ ቅዳሜ ይገባል። ምን ልበለው?

የአጋሮ ልጅ፦
አይዞሽ፣ እኔን 3 ሳምንት አስለቅሶኛል። አንሶላው ስር ላስቲክ አንጥፌ ነበር የምተኛው። ሎሚውን ተይው በናትሽ!

ነርሷ፦
እቱ፣ የቀዘቀዘው ሥጋ እየተላቀቀ ስለሆነ ነው ውሃው የሚበዛው። 4 ሳምንት፣ አንዳንዷን 6 ሳምንትም ይቆይባታል። ከውጭ በንጹሕ ውሃ ታጠቢ፤ ወደ ውስጥ ግን ሎሚም፣ ጤና አዳምም፣ ሳሙናም አይግባ። ቁስል ነው እኮ።

ለባልሽ ቁርጡን ንገሪው፤ 4 ሳምንት ግንኙነት የለም። የግድ ከሆነ በኮንዶም። ቁስሉ ሳይድን ኤችአይቪም በቀላሉ ይገባል።

አሁን ያለሽው ደህና ነሽ። ፈሳሹ ከሸተተ ወይ መግል ከመሰለ፣ ካንቀጠቀጠሽ፣ እንብርትሽ ስር አጥብቆ ከቆረጠሽ፣ የረጋ ደም ካየሽ ወይ ደሙ 2 ቀን ካለፈ ግን ነገ አትበይ፤ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ይዘሽ ሂጂ። በዓመቱ ደግሞ ተመልሰሽ ታዪ። ይሄን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን።

የጅማዋ፦
ተባረኩልኝ። ማታ በስልክ ነገርኩት። ዝም አለ፣ ዝም አለና «ታዲያ ጆንያውን ማን እያነሳልሽ ነው?» አለኝ። ራሴ ነኝ ብለው ተቆጣኝ! ከዛሬ ጀምሮ የእህቱ ልጅ መጥቶ ያነሳልኛል። ሎሚውን ከጎረቤቴ ጋር በሻይ ጠጣነው።