ለገጣፎ ነው የምኖረው፤ ለዳገትና ለጭቃ መንገድ የመጀመሪያ ሞተሬ የቱ ይሁን?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ። ቅዳሜና እሁድ ከሰፈሬ ተነስቼ በገበሬ መንገድ ወደ ሰንዳፋና ወደ የረር ተራራ ግርጌ የሚወስደኝ ሞተር እፈልጋለሁ። ለሥራ አይደለም፣ ዕቃም አላመላልስበትም። አገሩን ማየት ነው የምፈልገው። እስካሁን የነዳሁት የአክስቴን ልጅ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ብቻ ነው፣ እሱንም ሦስት ወር ያህል ሜዳ ላይ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው፣ ኪሎዬ 57። ሴት ነኝ። ይህን የምጽፈው ሱቅ በገባሁ ቁጥር ስኩተር ስለሚያሳዩኝ ነው።

ምክሩ በዝቶ ተምታቶብኛል። አንድ ጓደኛዬ «ትልቅ ግዢ፣ ትንሹ ዳገት አይወጣልሽም» ይላል። ሌላው ደግሞ ቦክሰሩን ጎማ ቀይሪለትና እሱኑ ንጂ ይላል። ደላላ አንድ ያማሃ ኤጂ 200 እና አንድ አሮጌ ዲቲ 125 አሳይቶኛል። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ያገለገለ ሞተር ነው የሚበቃው፣ ከተሳሳትኩ ቶሎ ሌላ መግዛት አልችልም። እስቲ የነዳችሁ ንገሩኝ።

መልስ (ከሱሉልታ)

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ትልቅ ግዢ ያለሽን ሰው በዚህ ጉዳይ አትስሚው። ያንን ስህተት እኔ ሠርቼዋለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ሱዙኪ ዲአር 650 ነበር። 166 ኪሎ ይመዝናል፣ መቀመጫው ከመሬት 88 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ እኔ ደግሞ 1 ሜትር ከ78 ነኝ። አስፋልት ላይ እንደ ንጉሥ ነው የሚያስኬደው። ከእንጦጦ በስተጀርባ ባለው የባሕር ዛፍ ቁልቁለት ላይ ግን ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት ረግጦ ሲንሸራተት ያለኝን ጉልበት ሁሉ ጨረሰው። በአንድ ጠዋት አራት ጊዜ አነሳሁት፣ በአምስተኛው ሰው ጠራሁ። እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ሞተር መውደቁ አይቀርም፣ ስለዚህ ስትመርጪ መጀመሪያ የምትጠይቂው ፍጥነቱን ሳይሆን ብቻዬን አነሳዋለሁ ወይ ብለሽ ነው። ከመግዛትሽ በፊት ሳር ላይ አስተኚውና ራስሽ አንሺው። ባለቤቱ ካልፈቀደ ተይው።

ጓደኛሽ ስለ ዳገት ያለው ውስጥ ግን እውነት አለ። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር እና ከዚያ በላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተር ጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ወረቀቱ ላይ 20 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት እዚህ 15 ገደማ ነው የሚሰጥሽ። ስለዚህ 100 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው) ይደክምብሻል፣ ከ150 እስከ 250 ያለው ይበቃሻል። 57 ኪሎ መሆንሽ ራሱ ትልቅ እገዛ ነው።

መልስ (ከሰበታ፣ ጋራዥ ያለው)

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬአለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

ቦክሰር ጥሩ ሞተር ነው፣ ዕቃውም በየቦታው አለ። ግን ለአስፋልትና ለኮረኮንች ነው የተሠራው። የፊት ፓራፋንጎውን፣ የጭቃ መከላከያውን፣ እይው፣ ጎማው ላይ ተጠግቶ ነው ያለው። እናንተ ሰፈር ያለው አፈር መረሬ ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቅና ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል እየተጠቀጠቀ ይሞላል፣ ከዚያ ጎማው መዞር ያቆማል። ይሄ ሲሆን እየሄድሽ ከሆነ በመሪው ላይ ነው የምትወጪው። የዳገት ሞተሮች ፓራፋንጎ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀለው ለዚህ ነው። የጎማ ቅያሬ ይሄን አይፈታም።

ዲቲ 125 ባለሁለት ምት ነው። ቀላል ነው፣ እጅሽን በጠመዘዝሽ ቁጥር ይወረወራል፣ ወጣት ይወደዋል። ግን ዘይቱ ከቤንዚን ጋር አብሮ ነው የሚቃጠለው፣ የዘይት ፓምፑ ያረጀ ከሆነ ሳትሰሚ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን ለቀሽ ስትወርጂ ሞተሩ አይይዝልሽም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ይሆናል። ለጀማሪ አልመርጠውም።

ኤጂ 200 ባለአራት ምት ነው፣ 196 ሲሲ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ኤጂ የሚለው ስም ራሱ ግብርና ከሚለው የፈረንጅ ቃል የተቆረጠ ነው፣ ከብት ለሚጠብቅ ሰው ነው የተሠራው። ካቴናው በሽፋን ውስጥ ስለሆነ ጭቃና አሸዋ አይበላውም። በቁልፍም በእግርም ይነሳል፣ ባትሪ ቢሞት መንገድ አትቀሪም። በግራም በቀኝም የጎን ማቆሚያ አለው፣ ተዳፋት ላይ ስታቆሚው ዋጋው ይገባሻል። አገራችን ውስጥ በእርዳታ ድርጅቶችና በገጠር ሥራ ብዙ ስለተነዳ መካኒኩም ያውቀዋል። ድክመቱ ፍሬኑ ነው፣ እንደ ከበሮ በተዘጋ ብረት ውስጥ የሚይዝ ዓይነት ነው። ወንዝ ከተሻገርሽ በኋላ ውሃ ይገባውና አይይዝም። ወጥተሽ ትንሽ መንገድ ፍሬኑን ቀስ ብለሽ እየነካሽ አድርቂው፣ ከዚያ ተማምነሽ ትሄጃለሽ።

መልስ (ከፉሪ)

ጋሼ፣ በዲቲው ላይ ትንሽ ከረሩ። እኔ ስድስት ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ዘይቱን በየጉዞው እያየሁ አንድ ቀን አላስቸገረኝም። ቀላል ስለሆነ ነው ዳገት መንዳት የተማርኩት። ለዚህች እህታችን ቁመት ግን መቀመጫው ይረዝማል፣ በዚያ እስማማለሁ። ኤጂውም ጠባዩ የዝግታ ነው፣ ዝላይ ከፈለግሽ አይሰጥሽም። እሷ ግን አገር ማየት ነው ያለችው።

መልስ (ከቡራዩ)

እኔም ሴት ነኝ፣ ቁመቴ ካንቺ በሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይበልጣል፣ አራት ዓመት ሆኖኛል። ሁለቱም እግርሽ መሬት ካልረገጠ አትችይም የሚሉሽን እርሺ። በአንድ እግር ጣቶች መድረስ ይበቃል። ስትቆሚ ወገብሽን ወደ አንድ ጎን አሸሽተሽ ያንን እግር ታወርጃለሽ፣ ሌላው ፍሬን ላይ ይቆያል። እንደዚያም ሆኖ ልክ አለው። ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ኤል የሚያምር ሞተር ነው፣ መቀመጫው ግን 87 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ይከብድሻል። ሆንዳ ኤክስአር 150 ኤል ካገኘሽ 82 ተኩል ነው፣ 129 ኪሎ ነው፣ ያለ ጭንቀት ትማሪበታለሽ። ካልተገኘ ኤጂው መልካም ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ገንዘብሽን ሁሉ ሞተሩ ላይ አትጨርሺ። ሄልሜት ሁሉም ይገዛል፣ ጫማ ግን ማንም አያስብም። እኔ በስኒከር ነበር የምወጣው። ሆለታ መንገድ ላይ፣ በዝግታ፣ ልቆም ስል፣ ሞተሩ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተኛ። ሦስት ወር በክራንች ሄድኩ። እውነተኛው የሞተር ቦት ከተገኘ እሰየው፣ ካልሆነ ቢያንስ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ወፍራም ከስክስ ጫማና የጉልበት መከላከያ ይኑርሽ። ጓንትም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰደው እጁን ነው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ የጫማው ነገር አእምሮዬ ውስጥ አልነበረም። ኤጂውን ትናንት ሄጄ አየሁት። ቀጠሮ ይዤ ነበር ግን ስደርስ ሞተሩ ሞቆ ነበር። የፊት ሾኩ ላይ ቀጭን የዘይት መስመር አለ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአንድ ድርጅት ነው፣ ሻጩ ግን ግለሰብ ነው፣ «ስሙን በኋላ እናዞራለን» ይላል። ይህ ችግር አለው? ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ልነዳው እችላለሁ?

መልስ (ከሰንዳፋ)

በጣም ችግር አለው። በድርጅት ስም የገቡ ሞተሮች ብዙዎቹ ከቀረጥ ነጻ ነው የገቡት። እንዲህ ያለ ሞተር መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ መከፈል አለበት። ሳይከፈል ከገዛሽ ስም አይዞርም፣ ዕዳው ያንቺ ራስ ምታት ይሆናል። ጨረታ ላይ ተገዝቶ ከሆነ የጨረታው ወረቀትና የቀረጥ ደረሰኝ ይኖራል፣ አሳየኝ በይው። «በኋላ እናዞራለን» የሚባል ነገር የለም፣ ስሙ ሲዞር ነው ብሩ የሚሰጠው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ራስሽ በባትሪ እያየሽ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ። የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ቁጥር ካየሽ ዝም ብለሽ ውጪ።

አዲስ አበባን በተመለከተ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ከተማው ሞተር ያለ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል። ስለዚህ ከአያት ወደ ውስጥ ከመግባትሽ በፊት የአሁኑን ደንብ ትራንስፖርት ቢሮ ጠይቂ። ለሞተር ደግሞ ለብቻው መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የመኪናው አይሠራም። ደስ የሚለው ግን አንቺ ከተማ መግባት አያስፈልግሽም፣ ጥሩው መንገድ ያለው በእኛ በኩል ነው። የለገዳዲና የድሬ ግድቦችን አካባቢ ብቻ ራቂ፣ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው፣ ጥበቃም አለው። የረር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ግርጌውን ዞረሽ ብቻ ቀኑ ይሞላል።

መልስ (ከሰበታ፣ ጋራዥ ያለው)

ሞቆ ጠበቀሽ? ሲቀዘቅዝ አልነሳ የሚል ሞተር ነው አስቀድሞ የሚሞቀው። በማለዳ ሳትደውዪ ሂጂና እጅሽን ሲሊንደሩ ላይ አድርጊ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሺው፣ በእግርም ሞክሪ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነና ካልጠፋ ዘይት እየበላ ነው። የሾኩ ዘይት መፍሰስ የዘይት መያዣ ጎማዋን (ኦይል ሲሏን) ብቻ ቀይሮ ይድናል፣ ያን ያህል አያስፈራም፣ ዋጋ መቀነሻ ግን ይሆንሻል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስተሽ መሪውን ቀስ ብለሽ አዙሪ፣ መሀል ላይ ቋ ብሎ የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል። ጎማውንም ይዘሽ ግራ ቀኝ ወዝውዢው። የቸርኬውን ሽቦዎች በብረት መታ መታ እያደረግሽ ስሚ፣ የላላው ድምፁ ይለያል። የካቴናውን ሽፋን ፈትታችሁ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ እዩ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ ከሆነ ከነካቴናው ይቀየራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተር ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይንቋቋል፣ ካንዴላውም ጥቁር ይሆናል። በውስጧ ያለችውን የነዳጅ ቀዳዳ ባነሰ ቁጥር ማስቀየር ነው፣ ትንሽ ሥራ ናት። ሻጩ «ሞተሩ ታሟል» ብሎ ቢቀንስልሽና ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን ለአንቺ ትርፍ ነው።

ጠያቂዋ

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳልደውል ሄድኩ። ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ በእግር በሦስተኛው ተነሳ፣ ጭስ የለውም። ጥርሱ ጎብጧል። ሳር ላይ አስተኝቼ ብቻዬን አነሳሁት! የጨረታውን ወረቀት አሳይቶኛል፣ የቀረጡን ደረሰኝ ግን ለሰኞ ነው ያለኝ። እስከዚያ ቀብድም አልሰጥም ብዬ መጣሁ። ከተስማማን የመጀመሪያ ጉዞዬ በመስከረም ነው፣ ክረምቱ ሲያልቅ። መጀመሪያ ስወጣ ምን ልያዝ?

መልስ (ከሰንዳፋ)

ጎበዝ። ፓምፕ፣ ከመነዳሪ፣ ሁለት የጎማ መፍቻ ብረት ያዢ። ጉሚስታ ያለው አስፋልቱ ላይ ብቻ ነው። የሚያዘው የፊቱ ከመነዳሪ ይሁን፣ ሲቸግር ለኋላውም ተጣጥፎ ያደርሳል። በጥር ባዶ ሆኖ ያየሽው ሜዳ በመስከረም ጤፍ ነው፣ ስለዚህ ከመንገዱ አንድ ጎማ እንኳ አትውጪ። የተጫነ አህያ ወይም እንጨት የተሸከሙ እናቶች ከመጡ ጥጉን ይዘሽ ቁሚና ሞተሩን አጥፊ። ገበሬው ሰላምታሽን ካወቀ በሁለተኛው ሳምንት ቡና ይጠራሻል፣ እኔን ጠርቶኛል።

ብቻሽን ግን አትውጪ። ደረሰኙ ተገኝቶ ከገዛሽው ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሰንዳፋ መግቢያ ላይ እንገናኝ፣ ከሱሉልታውም ከቡራዩዋም የሚመጣ ካለ ይምጣ። የጎማሽን የአየር ግፊት ወደ 18 ፒኤስአይ እናወርደዋለን፣ ድንጋይ ስላለ ከዚያ በታች አንሄድም። ስንመለስ አስፋልቱ ጋ የምትሞይበትን ፓምፕ እኔ እይዛለሁ።