ቴስላ ኮይሌን ባበራሁ ቁጥር የጎረቤት ሬዲዮ ይንጣጣል

ጠያቂው፦
ሰላም ለሁላችሁ። በኒዮን ማስታወቂያ ትራንስፎርመር የሚሠራ ቴስላ ኮይል (በከፍተኛ ቮልቴጅ ብልጭታ የሚረጭ የሽቦ ጥቅል) ገጣጥሜአለሁ። ብልጭታው ከስንዝር ያልፋል፤ ደስታዬ የቆየው ግን ጎረቤቴ ጋሼ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው በሩን እስኪያንኳኩ ነው። በዜና ሰዓት ቆሎ እንደሚቆላበት ምጣድ ይንጣጣልባቸዋል። ኮይሉ የሚሠራው በ300 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ታዲያ ኤፍ ኤሙን ጭምር ለምን ያበላሻል? የጥቅሉን የታችኛውን ጫፍ ከሶኬቱ ኧርዝ (ከመሬት መስመሩ) ጋር አስሬዋለሁ።

ሬዲዮ ጠጋኙ፦
ጉድህ ያለው መጨረሻ ላይ በጻፍከው ነው። የሶኬቱ ኧርዝ ቤቱን ሁሉ ይዞራል፤ አንቴና አደረግኸው ማለት ነው። ፍታውና ሁለት ሜትር የሚሆን የመዳብ ዘንግ እርጥብ መሬት ውስጥ ቅበር፤ ጥቅሉን በአጭርና ወፍራም ሽቦ እሰርበት። የትራንስፎርመሩ የብረት አካል ግን ከሶኬቱ ኧርዝ አይለይ፤ እርሱ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከመነካካትህ በፊት ገመዱን ንቀል፤ የካፓሲተሩንም (የቻርጅ ማጠራቀሚያውን) ቻርጅ አፍስስ።

300 ያልከው የጥቅሉ ንዝረት ነው። ኮይሉን የሚያስነሳው፣ በሁለት ብረቶች መካከል ባለው ክፍተት የሚፈነዳው ብልጭታ ግን ሞገዱን ሁሉ ያዳርሳል። የድሮ መርከቦች መልእክት ይልኩ የነበረው በዚሁ ዘዴ ነው፤ የተተወውም ሌላውን ሁሉ ስለሚያፍን ነበር።

ጠያቂው፦
ዘንጉን ቀበርኩ። ኤፍ ኤሙ ጠራ፤ የጋሼ መካከለኛ ሞገድ ግን ያው ነው።

ሌላ አባል፦
በብረት ወንፊት ክበበውና ተገላገል።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፦
የመብራት ገመዱ ያለ ማጣሪያ ከገባ ወንፊቱ ምንም አይፈይድም፤ ጩኸቱ በገመዱ ተሳፍሮ ይወጣል። በመጀመሪያ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ይዘህ ራቅ በል። ወደ ቆጣሪውና ወደ ግድግዳው ሽቦ ስታስጠጋው ከባሰበት፣ መንገዱ ገመዱ ነው። ያኔ ከትራንስፎርመሩ በፊት የመስመር ማጣሪያ አስገባ። 15 ሺህ ቮልት፣ 30 ሚሊ አምፔር ከሆነ ከ220 ቮልት ወደ ሁለት አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ባለ ስድስት አምፔር አይጨነቅም። ወንፊቱን ከሠራህ ደግሞ ማጣሪያው ገመዱ በሚገባበት ቦታ፣ ወንፊቱ ላይ ይታሰር። አንድ ክንድ ወደ ውስጥ ከገባ ጥቅሙ ይቀንሳል።

ሬዲዮ ጠጋኙ፦
ልክ ነው። የ300 ብዜቶች፣ 600 እና 900፣ መካከለኛ ሞገድ ላይ እንደሚወድቁም አትርሳ። ከጥቅሉ በአየር የሚወጡትን ማጣሪያው አያጠፋም፤ ለእነርሱ ወንፊቱ ያስፈልጋል።

ጠያቂው፦
ማጣሪያውን ካሮጌ ማሽን ነቅዬ ገጠምኩ። ጋሼ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው «አሁን ተናጋሪው ይሰማኛል፤ ቆሎው ግን አልበሰለም» አሉኝ። ወንፊቱን ቅዳሜ እሠራለሁ። እስከዚያው በዜና ሰዓት አላበራውም።