ሕንፃውን ሕዝቡ ይሠራል፣ መምህሩን ወረዳው ይመድባል፤ መተማመኛው ምን ይሁን?

ጥያቄ (ወላጅ፣ ደቡብ ወሎ ደጋ)

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት የሚያስተምረው እስከ 6ኛ ክፍል ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ 7ኛ እና 8ኛ ክፍልን መካከለኛ ደረጃ ብሎ ለይቷቸዋል፤ ልጆቻችንም የ6ኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና ሲያልፉ ወደ ወረዳው ከተማ መሄድ ግድ ይሆንባቸዋል። ገደሉን በየቀኑ ወርዶ መውጣት ስለማይቻል ቤት ይከራያሉ፤ እሑድ ከሰዓት የሳምንቱን ዳቦ፣ ሽሮና ቆሎ ተሸክመው ሄደው ዓርብ ማታ ይመለሳሉ። ወንዱ እንደምንም ይችለዋል። ሴት ልጅን ግን በ13 ዓመቷ ለብቻዋ ኪራይ ቤት ማስገባት ለወላጅ እጅግ ስለሚከብድ፣ ብዙዎቹ ከ6ኛ ክፍል ያቆማሉ፤ ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌ ይላክባቸዋል።

ድንጋይና አሸዋውን በጉልበት፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶውን በመዋጮ አድርገን የ7ኛ እና 8ኛ መማሪያ ክፍሎችን እዚሁ ለመሥራት ተስማምተናል። «እናንተ ሥሩ፣ መምህር ይመደባል» ተብለናል። ሰው የሚሠጋው ሕንፃው ቆሞ መምህር እንዳይታጣ ነው። እንዲህ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ገንዘቡን በማን በኩል ሰበሰባችሁ? ከወረዳውስ ጋር ምን ተስማማችሁ?

መልስ (መምህር፣ ሰሜን ወሎ)

ሥጋታችሁ ተገቢ ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ የሚውል ሲሆን፣ 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ደግሞ ለየትምህርት ዓይነቱ የሠለጠነ መምህር ስለሚፈልጉ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው በመላክ የሚሸፈኑ አይደሉም። ስለዚህ የቃል ተስፋን ይዛችሁ መሠረት አትቆፍሩ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን በመሆኑ፣ ጥያቄያችሁ ከዚያ ብዙ ወራት አስቀድሞ በቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ቃለ ጉባኤ ተደግፎ ወደ ወረዳው ዕቅድ መግባት አለበት፤ መልሱንም ቁጥርና ማኅተም ባለው ደብዳቤ ተቀበሉ።

ሌላው ፕላኑ ነው። በባሕር ዛፍና በጭቃ የተሠራ ክፍል ምስጥ ይጨርሰዋል፤ የትምህርት ቤቶች ደረጃ በሚመዘንበት ኢንስፔክሽንም ከደረጃ በታች ይሆናል። ፕላኑን ከወረዳው ተቀብላችሁ፣ ቦታውም በትምህርት ቤቱ ይዞታ ተመዝግቦ ብትጀምሩ ይሻላል።

መልስ (የቅሬ ጸሐፊ፣ ቃሉ አካባቢ)

እኔ በበኩሌ መዋጮው በቀበሌው አስተዳደር ሳይሆን በቅሬ በኩል እንዲሰበሰብ እመክራለሁ። ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም አብሮ የሚቀብር ማኅበር ነውና፣ ከቀበሌው ጋር የሚከራከር ሰው እንኳ ቅሬው የወሰነበትን እምቢ አይልም። ከዚህም በላይ የትኛዋ ባልቴት መክፈል እንደማትችል፣ የማን ቤት እህሉ በበረዶ እንደተመታበት ቅሬው ያውቃል፤ ስለዚህ አንዱን ነፃ ያወጣል፣ ሌላው በገንዘቡ ፈንታ የጉልበት ቀን እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ይህን ፍርድ ከጽሕፈት ቤት የሚመጣ ሰው ሊሰጥ አይችልም።

የየቅሬው ተወካዮች በጋራ ፊርማ የሚያንቀሳቅሱት የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ወጪና ገቢው ቅሬው በተሰበሰበ ቁጥር ይነበብ። በእርዳታ የሚመጣው ሲሚንቶና ቆርቆሮ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይሁን፤ ይህ ከታለፈ ሐሜት ይገባል፣ ሐሜት የገባበት መዋጮ ደግሞ ይቆማል። መሰብሰቢያው ጊዜ የመኸር እህል ከተወቃ በኋላ ይሁን። በልግ አብቃይ ከሆናችሁ ግን የበልጉን ምርት ጠብቁ፣ በሚያዝያ ጎተራ ባዶ ነውና።

መልስ (የጉድኝት ማዕከል፣ ማለትም የተጎራባች ትምህርት ቤቶች ቡድን፣ ሱፐርቫይዘር)

በሁለቱም እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ጊዜ ለመክፈት አትቸኩሉ። በመጀመሪያው ዓመት 7ኛን ብቻ ከፍታችሁ በቀጣዩ ዓመት 8ኛን ብታስከትሉ፣ የመምህራኑ ጥያቄ ለወረዳው ይቀልለታል፣ ሕዝቡም ፋታ ያገኛል። ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት ግን ለሁለተኛው ዙር እንዳይተው፤ ከክፍሉ ጋር አብሮ ይሠራ። ከሩቅ የሚመጡ መምህራን ማደሪያ ካጡ ዝውውር ስለሚጠይቁ፣ ሁለት ክፍል የመምህራን መኖሪያም በዕቅዳችሁ ይግባ።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልን። የመምህራኑን መኖሪያ ጨርሶ አላሰብነውም ነበር። የቅሬዎቹን ሰብሳቢዎች በዚህ ሳምንት አነጋግራለሁ። የመምህር ምደባ ደብዳቤ የተቀበለ ቀበሌ ካለ፣ ይዘቱ ምን እንደሚመስል ቢገልጽልን ማመልከቻችንን በዚያው አንጻር እንጽፋለን።