ባሕር ዳር ላይ ሐዲድ አልባ ባቡር ቢገባስ?

የጣና ዳር ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። እንግዶች በጀልባ ዘጌን አይተው ሲመለሱ ከሰዓቱ ባዶ ይሆንብናል። አንድ ቡድን ከተማውን ላሳይ ብል አራት አምስት ባጃጅ ያስፈልገኛል። ማስረዳት የምችለው ደግሞ እኔ ያለሁበት ላይ ላሉት ብቻ ነው። በጎማ የሚሄደው፣ ባቡር የሚመስለው የቱሪስት መኪና ለዘንባባው ጎዳና የተሠራ ይመስለኛል። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ቤዛዊት ቢወጣ ምን ትላላችሁ?

መካኒኩ፦
ሐሳብህ ደስ ይላል ወንድሜ። ግን ቤዛዊት ዳገት ነው። ብዙዎቹ ላይ ሞተር ያለው ከፊት ያለው ብቻ ነው፤ ፉርጎዎቹ ይጎተታሉ። ሰው ሲሞላ ዳገቱ ይከብደዋል። ቁልቁለቱ ደግሞ ይብሳል፣ የእያንዳንዱ ፉርጎ ፍሬን አስተማማኝ መሆን አለበት። ፈረንሳይ ውስጥ ከ3 ፉርጎ እና ከ18 ሜትር በላይ አይፈቀድም። ሜዳ ሜዳውን ይሂድ።

የማርቆስ ልጅ፦
ጢስ ዓባይ ድረስ ቢሄድስ? ከክረምት በኋላ ፏፏቴው ሲሞላ ስንት ሰው ይመጣል!

የጣና ዳር ልጅ፦
እህቴ፣ ጢስ ዓባይ እኮ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይሄ ቀስ እያለ የሚሄድ ነገር ነው፣ ለዚያ ሚኒባስ ይሻላል። መካኒኩ፣ እሺ፣ ከሐይቁ ዳር እስከ ድልድዩ ይሁን። ቅዳሜና እሁድ የከተማው ልጆች በቅናሽ ቢሳፈሩበት ደስታቸውን አስቡት! ከሁሉ በፊት ግን የባጃጅ ሹፌሮቹን ማማከር አለብን። እንጀራቸው ነው።